ገዢው የት ላይ ነው የሚጠፋው?

የቤት ነገር፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ «ጎሮ አካባቢ 175 ካሬ ላይ ያረፈ ጂ+1 ቤት አለኝ። በ1998 ዓ.ም. ከባለቤቴ ጋር ተጋግዘን የሠራነው ነው። ልጆቼ ሦስቱም ወጥተውልኛል። ሁለቱ እዚሁ አዲስ አበባ ትዳር ይዘዋል፣ ትንሿ ስቶክሆልም ናት። እኔ ጉልበቴን ስለሚያመኝ ደረጃው አስቸገረኝ። ሸጬ ግራውንድ ላይ ያለች አነስ ያለች አፓርታማ ልግዛ ካልኩ 14 ወር ሆነኝ። 26 ሚሊዮን ነው ያልኩት። ያልሰማ ደላላ የለም፤ የአሥራ አንዱን ስልክ ይዣለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሰው በሰው ላይ ነበር፤ አሁን በወር አንድ ቢመጣ ነው። የሚመጣውም ‹ቤቱ በጣም ቆንጆ ነው፣ እንደዋወላለን› ብሎ እንደወጣ ይቀራል። አጥሩን ቀለም አስቀባሁ፣ ጸበል አስረጨሁ። ጎረቤት ‹ዓይን አለበት› ይላል። ዋጋ ልቀንስ? ወይስ አከራይቼው ገበያው እስኪሞቅ ልጠብቅ? ካርታው በባለቤቴ ስም ነው፣ ነፍሱን ይማረውና ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው። ሌላ ምንም ችግር የለውም።» ጥ. መ.፣ ከጎሮ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ስለ ዋጋው ልጽፍልዎ ተዘጋጅቼ ነበር። በሁለተኛው ግን መጨረሻው ላይ ቆምኩ። «ሌላ ምንም ችግር የለውም» ያሉት ዋናውን ችግር ከነገሩኝ በኋላ ነው።

እኔ 22 ዓመት በድለላ ኖሬያለሁ፤ ገርጂ፣ ጃክሮስ፣ ሰሚት፣ እናንተ ሰፈርም ጭምር። አልሸጥ ያለ ቤት ሲገጥመኝ ባለቤቱን መጀመሪያ የምጠይቀው ዋጋውን አልነበረም። «ገዢው የት ላይ ነው የሚጠፋብህ?» ነበር የምለው። ከነጭራሹ የሚደውል ከሌለ ወይ ዋጋው ነው ወይ ወሬው አልተዳረሰም። መጥቶ መኪናውን ሳያጠፋ የሚመለስ ከሆነ መንገዱን ወይም ሰፈሩን አልወደደውም። ገብቶ፣ ኩሽናውንና ሽንት ቤቱን አይቶ ሁለተኛ ካልመጣ የጠላው ቤቱን ነው። ሁለተኛ መጥቶ፣ ሚስቱን አስከትሎ፣ የእርስዎን ቡና ጠጥቶ፣ የካርታ ኮፒ ለምኖ ከወሰደ በኋላ ድምፁ ከጠፋ ግን ቀለምም ጸበልም አይመልሰውም። ጸበሉን አልነቅፍም፤ ለቤት ደግ ነገር ነው። ካርታ ላይ ያለ ስም ግን አያዛውርም።

እስቲ ቁጭ ብለው ያስታውሱ፤ በእነዚህ 14 ወራት የካርታ ኮፒ የወሰዱት ስንት ናቸው? ሦስትም ይሁኑ አራት፣ እውነተኞቹ ገዢዎችዎ እነሱ ነበሩ። ኮፒውን ይዘው ክፍለ ከተማ የሚያውቁት ሰው ጋ ሄደዋል፤ ወይም ለጠበቃ አሳይተዋል። ካርታው ላይ ያለው ሰው በሕይወት እንደሌለ ሲሰሙ ትተውት ሌላ ቤት ፍለጋ ሄደዋል። ለምን አልነገሩኝም ቢሉ፣ ማን ደፍሮ ይነግርዎታል? ባሏን የቀበረች ሴት ቡና አፍልታ ካቀረበችለት በኋላ «ቤቱ እኮ የእርስዎ ብቻ አይደለም» የሚል ሰው እኔ እስካሁን አላየሁም። ይሉኝታ ይይዘዋል። «እንደዋወላለን» ብሎ መሄድ ይቀለዋል። ስለዚህ እርስዎ ራስዎ አይደውሉላቸው። ከልጆችዎ አንዱ ወይም የሚያምኑት ደላላ ይደውልና «እውነቱን ንገረኝ፣ የገዛኸውን ግዛ፣ ምንድን ነው ያስቀረህ?» ይበል። በስልክ፣ ቡናው በሌለበት፣ ሰው እውነት ይናገራል።

አሁን ወደ ሕጉ። ቤቱ በትዳር ዘመን የተሠራ ስለሆነ የጋራ ሀብታችሁ ነው፤ ግማሹ የእርስዎ ነው። የባለቤትዎ ግማሽ ግን፣ ኑዛዜ ካልተዉ በቀር፣ የሚሄደው ለልጆቻቸው ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ልጆች እያሉ ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም። ብዙ እናቶች ይህን ስነግራቸው ይደነግጣሉ፣ አንዳንዶቹም ይቆጡኛል። እኔ አላወጣሁትም። ስለዚህ ያንን ቤት የሚሸጡት እርስዎና ሦስቱ ልጆችዎ ናችሁ፤ አራት ፊርማ ነው።

ልጆቼ ክፉ አይናገሩኝም እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ደግሞም አይናገሩ ይሆናል። 26 ሚሊዮን የሚያወጣ ሰው ግን የሚፈልገው ደግነታቸውን ሳይሆን ፊርማቸውን ነው። የሞት ምስክር ወረቀቱን፣ የጋብቻ ማስረጃዎን፣ የልጆቹን የልደት ማስረጃ ይዘው ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያውጡ። የስቶክሆልሟ ልጅ እዚያው ባለው ኤምባሲያችን በኩል ውክልና ትላክልዎ። ውክልናው ላይ «ቤቱን እንድትሸጥ» የሚል በግልጽ ይጻፍ፤ «ጉዳዬን ሁሉ እንድትፈጽም» የሚለው ለሽያጭ አይበቃም። ከዚያ ስሙ በወራሾቹና በእርስዎ ይዛወር። ጊዜ ይወስዳል፤ ቢያንስ ግን የት እንደደረሰ ያውቁታል።

አንድ ነገር እግረ መንገዴን ላንሳ። ካርታው ላይ የይዞታው ዓይነት «ነባር» (ከሊዝ ውጭ የተያዘ መሬት) የሚል ከሆነ፣ በ721/2004 የሊዝ አዋጅ መሠረት በውርስ ሲተላለፍ ነባርነቱ አይነካም። በሽያጭ ሲተላለፍ ግን ገዢው ወደ ሊዝ ሥሪት ይገባል፤ መሬቱን ለመንግሥት በውል እየከፈለ ይይዛል ማለት ነው። ልምድ ያለው ገዢ ይህን ያውቃል፤ ድርድሩ ላይ ያነሳብዎታል። እርስዎም ቀድመው ይወቁት።

ካርታው ይህን ያህል ካነጋገረን ሜትሩንም ያስለኩት። ጃክሮስ አንድ ቤት አውቃለሁ፤ ካርታው 200 ካሬ ይላል፣ አጥሩ 216 ላይ ነው የቆመው። ባለቤቱ 16ቱን ካሬ እንደ ምርቃት ይቆጥረው ነበር፤ ለሚመጣው ሁሉ «ትርፍም አለው» እያለ በኩራት ይናገራል። አንድ ቀን አንድ መሐንዲስ ገዢ ሜትር ይዞ መጣና ለካ፣ ምንም ሳይናገር ሜትሩን ጠቅልሎ ሄደ። ትርፉ ለገዢ ራስ ምታት ነው። ከጓሮ ያሉት ሰርቪሶችም የግንባታ ፈቃድ ይኖራቸው እንደሆነ ይዩ። ዘንድሮ ደግሞ ገዢ ሁሉ «የኮሪደር ልማት ይነካዋል ወይ?» ሳይል አይገባም፤ ክፍለ ከተማው የሚለውን ከራሱ ከክፍለ ከተማው ጠይቀው ይያዙት።

ቀጥሎ አሥራ አንዱ ደላሎች። በሙያዬ አላማርርም፤ ግን የኛን ሰው ጠባይ ስለማውቅ ልናገር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ገዢ ሰሚት ላይ ቤት ላሳየው ስወስደው መንገድ ላይ ስልኩን አወጣና ቴሌግራም ላይ ሦስት ማስታወቂያ አሳየኝ። ሦስቱም ላይ ያው ሰማያዊ በር አለ፣ በሩ ሥር ያው ቡናማ ውሻ ተኝቷል። አንዱ 19 ሚሊዮን ይላል፣ አንዱ 20 ተኩል፣ አንዱ 22። «የትኛው ነው ትክክለኛው?» አለኝ። ባለቤቱ ያሉት 18 ተኩል ነበር። እኔ እንኳ አፈርኩ። ገዢው ያን ዕለት ቤቱን ሳያይ ተመለሰ፤ «ውሻው ብቻ ነው ያልዋሸው» ብሎኝ ሄደ።

«ከዚህ በላይ ያመጣሁት የኔ» የሚባለው ነገር ነው ይህን የሚያመጣው። አሥራ አንድ ደላላ ካለ ቤቱ አሥራ አንድ ዋጋ ይኖረዋል። ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አይሸጠውም፣ ገዢም «ያ ቤት ገና አለ እንዴ?» ይላል። ሁለት ደላላ ይምረጡ፤ ቢበዛ ሦስት። ዋጋው አንድ መሆኑን፣ ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነ (በልማድ ከየወገኑ 2 በመቶ ነው) በወረቀት አስፍረው ያስፈርሟቸው። ለሌሎቹ «ከገበያ አውጥቼዋለሁ» ይበሏቸው። ለሁለት ወርም እውነት ከገበያ ያውጡት፤ ወረቀቱ እስኪያልቅ። በአዲስ ፎቶ፣ በሌላ ወቅት ተመልሶ ሲወጣ እንደ አዲስ ይታያል።

ዋጋ ልቀንስ ላሉት፣ አሁን አይቀንሱ። ወረቀቱ ሳያልቅ የቀነሱት ዋጋ ጥርጣሬ ነው የሚጨምረው፤ «ምን ሆና ነው ያወረደችው?» ያሰኛል። ወረቀቱ ሲያልቅ ግን ገበያውን በግልጽ ማየት አለብዎ። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ባንኮች በዓመት የሚያሳድጉትን ብድር በ14 በመቶ ገድቦ ነበር፤ በኋላ ደረጃ በደረጃ ከፍ አደረገው። ይህ ወሬ ከእርስዎ ሳሎን የራቀ ይመስላል እንጂ በርዎ ላይ ነው ያለው። ድሮ ከሚመጡት ገዢዎች ስንቱ «ግማሹን ባንክ ይሸፍንልኛል» ይል ነበር። ያ ሰው አሁን ተራ ጠባቂ ነው። ብድር ቢያገኝም የባንኩ መሐንዲስ የሚገምተው ከገበያው በታች ስለሆነ ልዩነቱን ከኪሱ መሙላት አለበት። የቀረው ጥሬ ገንዘብ ያለው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ምርጫው ብዙ ስለሆነ አይቸኩልም።

ስለዚህ ጎረቤት የጠራውን ዋጋ አይስሙ። ባለፈው ዓመት በሰፈርዎ በእርግጥ የሸጠ ሰው ይፈልጉና እጁ ላይ ስንት እንደገባ ይጠይቁ። ዕድር ላይ አይጠፋም። መቀነስም ካለብዎ አንዴ፣ የሚሰማ ያህል ይቀንሱ። ከ26 ወደ 25.8፣ ከዚያ 25.5 ማለት ገዢውን «ትንሽ ልጠብቅ» ማስተማር ነው።

አከራይቶ መጠበቁን ግን ደጋግመው ያስቡበት። በ2016 በወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ኪራይም እንደ ድሮው በፈለጉ ጊዜ አይጨመርም። በሦስተኛው ወር ገዢ ቢመጣ ተከራዩን ወዲያው ውጣልኝ አይሉትም። ባዶ ቤት የሚፈልግ ገዢ ደግሞ ሰው ያለበትን ቤት አያይም። ልጆችዎ ገቢ የሚያስፈልግዎ ከሆነ ያግዙዎት እንጂ ቤቱን አያስሩት።

ስለ ቤቱ ስለ ራሱ ብዙ አልልም፤ ቆንጆ ነው ብለውዎታል፣ አምናለሁ። ኮርኒሱ ላይ ያረጀ የዝናብ ምልክት ካለ ብቻ፣ ጣሪያው ተጠግኖም ቢሆን ምልክቱን ያስቀቡት። ገዢ ደረቅ መሆኑን አይጠይቅም፤ ቢጫውን ብቻ ነው የሚያየው።

የራሴንም ልንገርዎት። እናቴ ባረፈች ጊዜ ቀጨኔ ያለውን ቤቷን ለመሸጥ 19 ወር ፈጀብኝ። ደላላው እኔ! ሰው ሲሰማ ይስቃል። ስንቱን ገዢ ከሩቅ ሰፈር እየጎተትኩ አመጣሁ። መጨረሻ ላይ የገዙን አጥር የሚጋሩን ጎረቤት ናቸው። 19 ወር ሙሉ በአጥሩ ቀዳዳ የሚገባ የሚወጣውን ሲቆጥሩ ኖረዋል። እኔ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳቸውም፤ ሰውየው ጡረተኛ፣ ሚስታቸው ጉሊት የሚነግዱ፣ የት አግኝተው ብዬ። ለካ ልጆቻቸው ከጂዳ ይልካሉ፣ እሳቸውም ዕቁብ ላይ ዕቁብ ይጥላሉ። «ልጄ፣ እኛን ያልጠየቅከን ንቀኸን ነው ብለን ተውነው» አሉኝ። ጎን ላይ ያለ ሰው ቤትዎን ከማንም በላይ ይፈልገዋል፤ ለሱ ግቢው ይሰፋለታል፣ ልጁን አጠገቡ ያኖርበታል። ግራና ቀኝዎን፣ ከጀርባም ያለውን፣ ይጠይቁ። ሽማግሌ አያስፈልግም፤ ቡና ላይ ያንሱት።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ላምበረት ያለውን ቤቴን ወንድሜ በውክልና እየሸጠልኝ ነው። ውክልናውን የሰጠሁት በ2009 ነው፤ ያኔ ላጤ ነበርኩ፣ ቤቱንም የገዛሁት ከዚያ በፊት ነው። አሁን አግብቻለሁ። ዋጋው መጀመሪያ 15 ሚሊዮን ነበር፤ ዶላር ሲጨምር 28 አደረግኩት፤ በዶላር ሲታሰብ እንዲያውም ቀንሷል። ከዚያ ወዲህ የሚደውል የለም።» ዳ.

መልስ፦ ዳ.፣ ያንተ ገዢ የሚጠፋው ገና ስልክ ሳያነሳ ነው፤ ምክንያቱንም ራስህ ነግረኸኛል። ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በጥቂት ሳምንት ከ100 አለፈ። ያንተ ሂሳብ በዶላር ትክክል ነው። የላምበረቱ ገዢ ግን ደመወዙ በብር ነው፣ ሱቁም የሚሸጠው በብር ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን ጠዋት ሲነሳ ገቢው እጥፍ አልሆነለትም። አንተ በዶላር ታስባለህ፣ እሱ በብር ይከፍላል፤ መሃል ላይ 13 ሚሊዮን ብር ቆሟል። ወንድምህን «እጅህ ላይ የመጣ ስንት ነው?» ብለህ ጠይቀው እንጂ «ስንት ያወጣል?» አትበለው። አንዳንድ ደላላ የውጭ ዜጎች ቤት እንዲይዙ የሚፈቅደው አዋጅ በ2017 ከወጣ ወዲህ «ፈረንጅ አለ፣ ጠብቅ» ይላል። ፈረንጁን እስክታየው ድረስ አትጠብቀው።

ውክልናውን አድስ። ዓመታት ያስቆጠረ ውክልና ገዢን ያስፈራል፤ ሰጪው ይሙት ይኑር፣ ይሻረው አይሻረው አያውቅም፤ ወካዩ ከሞተ ውክልናው ከሱ ጋር ያበቃል። ዋሽንግተን ካለው ኤምባሲ አዲስ አውጣ፤ እዚህ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ከዚያም ውልና ማስረጃ ያልፋል። ከጋብቻ በፊት የገዛኸው ቤት በቤተሰብ ሕጉ የግልህ ነው፤ ግን ማስረጃ ፍለጋ ከመንከራተት ባለቤትህም አብራ ብትፈርም ይቀልሃል። ገዢው በቪዲዮ ላናግረው ካለም አትኮሳተር። ፊትህን አይቶ፣ ወንድምህ አጠገቡ ቁጭ ብሎ፣ «እኔ ነኝ የወከልኩት» ስትለው ትከሻው ሲወርድ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ «ቤቴን ልሸጥ ተስማምቼ ገዢው 500 ሺህ ብር ቀብድ ሰጠኝ። በሁለት ወር ውስጥ ቀሪውን ሊከፍል ነበር፤ አራት ወር ሆነ፣ ስልኩም ዝግ ነው። ለሌላ ልሽጠው? ቀብዱስ?» አንድ አባት፣ ከኮተቤ

መልስ፦ አባባ፣ ፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 ላይ፣ ሌላ ስምምነት ካልተደረገ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል ይላል። እንግዲህ ሁሉ ነገር የተንጠለጠለው «ማን ተወ?» የሚለው ላይ ነው። ዛሬ ለሌላ ቢሸጡና ነገ ሰውየው «ታምሜ ተኝቼ ነበር» ብሎ ቢመጣ፣ የተዉት እርስዎ እንዳይሆኑ ያሰጋል። የተፈራረሙትን ወረቀት ይዘው ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ፤ የውሉ ቃላት ይወስናሉ፣ በውልና ማስረጃ ፊት ተፈርሞ ከሆነም ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። ጠበቃው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይጻፍልዎ፤ ቀን ቆርጦ፣ «እስከዚህ ቀን ካልከፈልክ ውሉን እንደተውከው እቆጥረዋለሁ» የሚል። ውሉ ላይ ባለው አድራሻ በፖስታ ቤት በአደራ ይላኩለት፤ የአደራውን ደረሰኝ ከካርታው ጋር ያስቀምጡ። እስከዚያ 500 ሺውን አይንኩት።